የአልሜሪያ ቃሪያ፦ መርዝ ያላቆመውን ቫይረስ ምን ገታው?

በ2006 መገባደጃ ላይ የጀርመን ላብራቶሪዎች ከስፔን የገባ ቃሪያ መረመሩ። አይሶፌንፎስ ሜቲል የሚባል ፀረ-ተባይ ቅሪት አገኙበት። ይህ ኬሚካል በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ለሰብል አይፈቀድም። ወሩ ደግሞ ዲሴምበር ነበር። በዚያ ብርድ ጀርመኖች ከሚበሉት ቃሪያ ብዙው የሚመጣው ከደቡብ ስፔን ነው፤ በተለይ ከአልሜሪያ። ወሬው ወዲያው ጋዜጣ ላይ ወጣ። የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋቾች ዘመቻቸውን አጠናከሩ። ሱፐርማርኬቶችም ለስፔን አቅራቢዎች አዳዲስ ቅድመ ሁኔታዎች ማስቀመጥ ጀመሩ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ ምግብ ደኅንነት ቅሌት ነው። እኔ ግን ከሌላ በኩል ልተርከው እፈልጋለሁ። ከቅሌቱ ጀርባ የሰብል በሽታ አለ። የአልሜሪያ ገበሬ ለሃያ ዓመት ያህል ከአንድ ቫይረስና ቫይረሱን ከሚያዞር ጥቃቅን ተባይ ጋር ሲታገል ቆይቷል። ርጭቱ እየበዛ፣ መርዙ እየከበደ የሄደበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይኸው ትግል ነው። በመጨረሻ ቫይረሱን የገታው ግን የበረታ መርዝ አልነበረም። በርበሬና ቃሪያ የሚያመርት፣ ወይም አምራችን የሚያማክር ሰው ይህን ጉዳይ ከነዝርዝሩ ቢያውቀው ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ። ዓመተ ምሕረቱና ወራቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቦታው

አልሜሪያ በስፔን ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ በሜዲትራኒያን ዳር ያለች ክፍለ ሀገር ናት። በአውሮፓ ዝናብ ከሚያጥራቸው ቦታዎች አንዷ ነች። ፀሐይ ግን ሞልቷል። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሰዎች እዚያ መሬቱን በፍግና በአሸዋ እየሸፈኑ፣ ከላይ ላስቲክ እየወጠሩ አትክልት ማምረት ጀመሩ። ዛሬ የላስቲክ ቤቱ ስፋት ከ30,000 ሄክታር በላይ ነው። በሳተላይት ፎቶ ላይ እንደ ነጭ ንጣፍ ይታያል።

ባለቤቶቹ በአብዛኛው ቤተሰቦች ናቸው። አንዱ ቤተሰብ አንድ ወይም ሁለት ሄክታር ይይዛል። የቃሪያ ችግኝ በጁላይና በኦገስት ይተከላል፤ ምርቱ መጸውንና ብርዱን ሙሉ ይለቀማል። ቅሌቱ በፈነዳበት ሰሞን በክፍለ ሀገሩ 7,000 ሄክታር ገደማ ቃሪያ ነበር። እዚህ የምናወራው ስለ ትልቁ፣ ስለማያቃጥለው ፈረንጅ ቃሪያ ነው። በዝርያ ግን ከእኛ በርበሬ ጋር አንድ ነው፤ ሁለቱም ካፕሲከም አኑም ናቸው። በሽታውም ተባዩም ሚጥሚጣ ይሁን ጣፋጭ አይመርጥም።

አሁን ይህን ቦታ በተባይ ዓይን እዩት። ብርድ የለም። ዝናብ አይመታም። የአንዱ ሰብል ሲነቀል የጎረቤት ችግኝ ገና ለጋ ነው። ምግብ ዓመቱን ሙሉ አይቋረጥም። አንድ ተባይ እዚህ አንዴ ከገባ የሚያስወጣው ነገር የለም።

ተባዩ እና ቫይረሱ

የገባው ተባይ ትሪፕስ ነው፤ ሙሉ ስሙ ፍራንክሊኒየላ ኦክሲደንታሊስ። የትውልድ ቦታው ምዕራብ አሜሪካ ነው። ርዝመቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ቀጭን፣ ቢጫ ወይም ቡናማ ነው፤ አበባ ውስጥ ተሸጉጦ ይኖራል። ለረጅም ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ተወስኖ ቆይቶ በ1983 ሆላንድ ላይ ታየ። በ1986 ደግሞ ስፔን ገባ። እንዴት ተንቀሳቀሰ? በአበባና በችግኝ ንግድ ነው። ብዙ ተመራማሪዎች የሚስማሙበት ሌላም ነገር አለ። በ1970ዎቹ በአሜሪካ እርሻዎች የነበረው ከባድ ርጭት መድኃኒት የሚቋቋም ዘር ሳይመርጥ አልቀረም። ከዚያ በኋላ ዓለምን ያዳረሰው ይኸው ዘር ነው። ስለዚህ ትሪፕሱ አውሮፓ ሲደርስ ብዙ መርዝ የለመደ ተባይ ነበር።

ትሪፕስ ብቻውን ቅጠሉንና ፍሬውን ይቧጥጣል፤ ብርማ ጠባሳ ይተዋል። ያ ጉዳት ነው፤ ግን ገበሬ አያከስርም። የሚያከስረው አብሮት የሚመጣው ቫይረስ ነው። እንግሊዝኛ ስሙ «የቲማቲም ነጠብጣብ አጠውላጊ ቫይረስ» እንደማለት ነው። እዚህ በአጭሩ አጠውላጊው ቫይረስ እለዋለሁ። በሽታው መጀመሪያ የታየው አውስትራሊያ ውስጥ በ1915 ነው። በ1927 ትሪፕስ እንደሚያስተላልፈው ታወቀ፤ በ1930 ደግሞ ቫይረስ መሆኑ ተረጋገጠ። ከሺህ በላይ የእፅዋት ዓይነቶችን ይይዛል። ቃሪያን ሲይዘው የላይኛው ቅጠል ይገረጣል ወይም የነሐስ ቀለም ያወጣል። ቀለበት የመሰሉ ምልክቶች ይታያሉ። ጫፉ ይሞታል። ፍሬው ሲበስል ቀለሙ እኩል አይሆንም፤ ቢጫና ቡናማ ክብ ክብ ይወጣበታል። እንዲህ ያለ ፍሬ ኤክስፖርት አይሆንም። የታመመ ተክል ደግሞ መድኃኒት የለውም። ነቅሎ፣ በላስቲክ አስሮ ማውጣት ብቻ ነው።

የጉዳዩ ቁልፍ ግን ይህ ነው። ትሪፕስ ቫይረሱን መውሰድ የሚችለው በልጅነቱ ብቻ ነው። ከእንቁላል ወጥቶ ገና እጭ ሳለ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ከታመመ ተክል ላይ ከበላ ቫይረሱ ሰውነቱ ውስጥ ይገባል። ከአንጀቱ ተነስቶ ወደ ምራቅ ዕጢው ይደርሳል። እዚያም ይራባል፤ ማለትም ቫይረሱ ተባዩን ራሱን ይይዘዋል። እጩ አድጎ ክንፍ ሲያወጣ እስኪሞት ድረስ ለሳምንታት ከተክል ተክል እየዞረ ያስተላልፋል። በእጭነቱ ያልወሰደ ትሪፕስ ካደገ በኋላ የታመመ ቅጠል ላይ ቢውልም ቫይረሱን አያሰራጭም። እናትም ለእንቁላሏ አታወርስም። እያንዳንዱ ትውልድ ቫይረሱን ከታመመ ተክል ላይ እንደ አዲስ መውሰድ አለበት።

ይህን ሰንሰለት አስቡት። ሰንሰለቱ የሚበጠስበት ቦታ ግልጽ ነው፤ የታመመ ተክል ላይ ያለው ትንሹ እጭ። የሚበረውን ትሪፕስ መግደል ጥሩ ነው፤ ግን ቫይረሱ ያለበት ትሪፕስ አንድ ተክል ለመበከል ደቂቃዎች ይበቁታል። መድኃኒት ነክቶት እስኪሞት ድረስ ሥራውን ጨርሷል።

ቫይረሱም ዝም ብሎ አይጫንም። በ2005 የታተመ ጥናት በቃሪያ ተክል ላይ እንዳሳየው የትሪፕስ እጮች በታመመ ተክል ላይ ከጤነኛው የተሻለ ያድጋሉ። ቫይረሱ የተክሉን መከላከያ ስለሚያዳክም ይመስላል። በ2011 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ቫይረስ የያዘው ወንድ ትሪፕስ ከጤነኛው በጣም አብዝቶ ተክል እንደሚወጋ አሳየ። ተባዩ ለቫይረሱ ይሠራል፤ ቫይረሱም ለተባዩ ምግብ ያመቻቻል። እንዲህ ያለ ጥምረት በርጭት ብቻ ይፈርሳል ማለት ይከብዳል።

ርጭቱ ለምን ከሸፈ

የአልሜሪያ ገበሬ ግን በዚያን ጊዜ የያዘው መርጨት ነበር። መድኃኒት በየሳምንቱ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይረጫል። ለምን እንዳልሠራ ከተባዩ አኗኗር ብንነሳ ይገባናል።

ትሪፕስ እንቁላሉን የሚጥለው ቅጠሉ ሥጋ ውስጥ ነው። ብዙው መድኃኒት እዚያ አይደርስም። እጩ የሚኖረው አበባ ውስጥና በታጠፈ እምቡጥ ሥር ነው። ጠብታው እዚያም በደንብ አይገባም። እጩ ሲጨርስ ብዙውን ጊዜ መሬት ይወርድና አፈር ውስጥ ሳይበላ ይተኛል። እዚያም አይነካም። ስለዚህ በማንኛውም ቀን ብትረጭ ከተባዩ ውስጥ ትልቁ ድርሻ ተሸሽጓል። በሙቀቱ ደግሞ ከእንቁላል እስከ አዋቂ ሁለት ሳምንት ገደማ ይበቃዋል። የዛሬው ርጭት ያተረፈው ወዲያው ቤቱን ይሞላዋል።

ሌላም አለ። ትሪፕስ ውስጥ ወንዶቹ የሚወለዱት ካልዳበረ እንቁላል ነው። ስለዚህ ወንዱ ያለው የእናቱ ዘር አንድ ቅጂ ብቻ ነው። መድኃኒት የመቋቋም ባሕርይ ካለው ሊደበቅ አይችልም፤ ርጭቱ ራሱ ወዲያው ይመርጠዋል። በዚህ የተነሳ ትሪፕስ ከሌሎች ተባዮች ፈጥኖ መድኃኒት ይለምዳል።

ስፒኖሳድ የተባለውን መድኃኒት እንውሰድ። ከአፈር ባክቴሪያ የሚገኝ ነው፤ ሲመጣ ለትሪፕስ በጣም ጥሩ ነበር። በደቡብ ምሥራቅ ስፔን ግሪን ሃውሶች ውስጥ ገበሬው ተስፋውን ሁሉ ጣለበት። ደግሞ ደጋግሞ ረጨ። የስፔኗ ካርታኼና ከተማ ተመራማሪዎች በ2007 ባሳተሙት ሥራ ከአልሜሪያ የተሰበሰበ ትሪፕስ ይህን መድኃኒት ከሺህ እጥፍ በላይ ሲቋቋም አገኙት። ያ ሁሉ የሆነው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። መድኃኒቱ መጥፎ አልነበረም። ብቻውን እንዲሸከም የተደረገው ሸክም ነው የከበደው።

ገበሬውን መውቀስ ቀላል ነው። እኔ አልወቅሰውም። ቤቱ ዕዳ አለበት፤ ችግኙ ተከፍሎበታል፤ ቫይረሱ በረድፍ በረድፍ እየበላው ነው። የመድኃኒት ሻጩ «ይህን ሞክር» ይለዋል። እምቢ የሚልበት ሌላ መንገድ ማንም አላሳየውም።

ዝርያውም ብቻውን አልበቃም

ዝርያ አሻሻዮች በበኩላቸው መፍትሔ ፈልገዋል። ካፕሲከም ቺኔንሴ ከሚባለው የቃሪያ ዘመድ ውስጥ አጠውላጊውን ቫይረስ የሚቋቋም ጂን አገኙ። ስሙ ቲ.ኤስ.ደብልዩ ነው። ቫይረሱ ሲገባ ተክሉ በዚያ ቦታ ያሉትን ሴሎች ፈጥኖ ይገድላል፤ ቫይረሱ እዚያው ታስሮ ይቀራል። ይህ ጂን ያላቸው ዝርያዎች ገበያ ላይ ሲወጡ ብዙ ሰው ተገላገልን አለ።

ሁለት ችግር መጣ። አንደኛው ሙቀት ነው። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ በደንብ ሲያልፍ ጂኑ ይደክማል። ቃሪያ የሚተከለው ደግሞ በጁላይና በኦገስት ነው። ሁለተኛው ቫይረሱ ራሱ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ጣሊያንና ስፔን ውስጥ ጂኑን የሚያልፉ የቫይረስ ዓይነቶች ተገኙ። ቫይረሱ ለውጥ ያደረገው ጂኑ በሚያውቀው ፕሮቲኑ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ተክሉ አያውቀውም። የሚቋቋም ዝርያ ዛሬም ይጠቅማል፤ በብዙ ቦታ ይተከላል። ትሪፕሱ በብዛት እየተመላለሰ በየቀኑ ሲፈትነው ግን ዕድሜው ያጥራል። ትሪፕሱን የሚቀንስ ነገር ካለ ጂኑም ይቆያል። ሁለቱ አብረው ነው መታሰብ ያለባቸው።

ሙርሲያ ቀደመች

ከአልሜሪያ ሰሜን ምሥራቅ ሙርሲያ አለች። በካምፖ ዴ ካርታኼና ሜዳ ላይ ቃሪያ በግሪን ሃውስ ይመረታል። እዚያ እንደ አልፍሬዶ ላካሳ ያሉ ተመራማሪዎች ትሪፕሱ ከገባበት ጊዜ ጀምሮ ሲያጠኑት ቆይተዋል። በ1990ዎቹ ኦሪየስ ሌቪጋተስ የሚባል አዳኝ ነፍሳት መልቀቅ ተጀመረ። ኦሪየስ ትንሽ፣ ጥቁርና ቡናማ ነው። አፉ እንደ መርፌ የሾለ ነው፤ ትሪፕስ ወግቶ ይመጠዋል። የሚኖረው ደግሞ አበባ ውስጥ ነው፤ ትሪፕሱ በሚደበቅበት በዚያው ቦታ። ትሪፕስ ሲያጣ የቃሪያ ብናኝ እየበላ ይቆያል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ተባይ ሳይኖርም ቤቱ ውስጥ ዘብ አለ ማለት ነው።

የሙርሲያ ገበሬዎች በዚህ መንገድ ተጠቅመዋል። አልሜሪያ ግን ለዓመታት አልተከተለችም። ብዙ ሰው ምክንያቱ ግትርነት ነው ይላል። እኔ ዋናው ምክንያት ነጭ ዝንብ የሚባለው ሌላ ጥቃቅን ተባይ ነው እላለሁ። አልሜሪያ ችግኝ የሚተከለው በሙቀቱ ወቅት ነው፤ ነጭ ዝንብ በዚያን ጊዜ ይፈላል። ለነጭ ዝንብ የሚረጨው መድኃኒት ኦሪየስን ይገድለዋል። ለትሪፕስ የተለቀቀው ሌላ አዳኝ፣ ማይት የሚባለው ሸረሪት መሰል ጥቃቅን ፍጡር፣ ደግሞ የአልሜሪያን ደረቅ ሙቀት አልወደደም። ስለዚህ አንዱን ተባይ በነፍሳት፣ ሌላውን በመርዝ ልቆጣጠር ያለ ገበሬ ሁለቱንም ያጣ ነበር።

ይህን ቋጠሮ የፈታችው ስዊርስኪ ናት። አምብሊሴየስ ስዊርስኪ በምሥራቅ ሜዲትራኒያን አካባቢ የምትኖር አዳኝ ማይት ናት። ስሟ የመጣው ከአንድ እስራኤላዊ የነፍሳት ሊቅ ነው። ሙቀት ትወዳለች። የነጭ ዝንብ እንቁላልና ግልገል ትበላለች። የትሪፕስ እጭም ትበላለች፤ አዋቂውን ግን አትችለውም። በ2005 ለገበያ መቅረብ ጀመረች። ከላይ ያልኩትን አስታውሱ፤ ቫይረሱን የሚወስደው ትንሹ እጭ ነው። ስዊርስኪ የምታጠቃው ያንኑ ነው። ኦሪየስ አዋቂውንም እጩንም በአበባው ውስጥ ይይዛል፤ ስዊርስኪ በቅጠሉ ላይ ታስሳለች። የቃሪያ ቅጠል ከታች በኩል ጅማቶቹ በሚገናኙበት ቦታ ትንንሽ ፀጉራማ ጉድጓዶች አሉት። ማይቷ እዚያ ትጠለላለች፣ እንቁላሏን ትጥላለች። ቃሪያ ለዚህ ሥራ ዕድለኛ ሰብል ነው። በቲማቲም ላይ ይህ ሁሉ አይሠራም፤ የቲማቲም ግንድና ቅጠል የሚያጣብቅ ፀጉር ስላለው ማይቷ መራመድ አትችልም።

መሣሪያው በ2005 ነበረ ማለት ነው። ያንን መሣሪያ በብዛት የሚጠቀም ግን ገና ጥቂት ሰው ነበር። በ2006 ከአልሜሪያ ቃሪያ ውስጥ በነፍሳት የሚጠበቀው ጥቂት በመቶ ብቻ ነው።

ከቅሌቱ በኋላ የሆነው

ከጀርመን ዜናው ሲመጣ ገበያው ያልጠየቀውን ጠየቀ። አንዳንድ የሱፐርማርኬት ሰንሰለቶች ሕጉ ከሚፈቅደው የቅሪት መጠን አንድ ሦስተኛ በላይ አንቀበልም እስከማለት ደረሱ። ቃሪያውን በርጭት ብቻ አሳድጎ ይህን ማሟላት የማይቻል ነበር። የአንዳሉሲያ መንግሥት ለነፍሳት መግዣ ድጎማ ሰጠ። የኅብረት ሥራ ማኅበራት የራሳቸውን ባለሙያዎች አሰማሩ። ኮኤክስፋል በተባለው የአምራች ድርጅቶች ማኅበር ውስጥ የሠራው ሆላንዳዊው የነፍሳት ባለሙያ ያን ቫን ደር ብሎም ይህን ሽግግር በቅርብ ካገዙና ከመዘገቡ ሰዎች አንዱ ነው።

ለውጡ የሚገርም ፍጥነት ነበረው። በ2007 ወቅት አብዛኛው የቃሪያ ማሳ ወደ ነፍሳት ዞረ። ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ወቅቶች መላው የአልሜሪያ ቃሪያ ማለት ይቻላል በዚህ መንገድ መጠበቅ ጀመረ። እንዲህ ባለ ስፋት፣ በዚህ ያህል አጭር ጊዜ፣ በጥቃቅን ገበሬዎች እጅ የተከናወነ ሌላ ለውጥ እኔ አላውቅም።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። መጀመሪያ ችግኙ ንጹሕ መሆን አለበት። ችግኝ ጣቢያ ላይ ከባድ መድኃኒት የተረጨበት ችግኝ ከመጣ አዳኞቹ ይሞታሉ፤ አንዳንድ መድኃኒት ቅጠል ላይ ለሳምንታት ይቆያልና። ስለዚህ ገበሬው ከተከለበት ቀን ሳይሆን ከዚያ በፊት ነው የሚጀምረው። ግሪን ሃውሱ መስኮት ላይ ጠባብ መረብ ይወጠራል፤ መግቢያው ሁለት በር ይሆናል። በዙሪያው ያለው አረም ይነቀላል፤ ትሪፕሱም ቫይረሱም አረም ላይ ይቆያሉና። ችግኙ ጥቂት ቅጠል ሲያወጣ ስዊርስኪ ይለቀቃል። የሚመጣው በገለባ ውስጥ ወይም በትንንሽ ከረጢት ነው። ከረጢቱ ተክሉ ላይ ይንጠለጠላል፤ ውስጡ ምግብ ስላለ ማይቶቹ እየተባዙ ለሳምንታት በጥቂት በጥቂቱ ይወጣሉ። የመጀመሪያው አበባ ሲፈነዳ ኦሪየስ ይከተላል። ከዚያ ባለሙያው በየሳምንቱ አበባ እያራገፈ ይቆጥራል። ስንት ትሪፕስ፣ ስንት ኦሪየስ? ኦሪየሱ በበቂ አበባ ላይ ከታየ ልብ ያርፋል። ካልታየ ተጨማሪ ይለቀቃል። መርጨት ካስፈለገም አዳኞቹን የማይጎዳ መድኃኒት ይመረጣል። ቫይረስ የያዘው ተክል ሲገኝ በዚያው ቀን ይወጣል።

በዚህ ሥራ ላይ ከባዱ ነገር ትዕግሥት ነው። ኦሪየስ ቤቱን ለመያዝ ሳምንታት ይወስድበታል። በዚያ መሀል ገበሬው ትሪፕስ ያያል፤ እጁ ወደ መርጫው ይሄዳል። ያን ጊዜ አንድ ጊዜ ቢረጭ የወቅቱን ሥራ ሁሉ ያፈርሰዋል። ባለሙያው በየሳምንቱ ብቅ ማለቱ ለቆጠራው ብቻ አይደለም፤ ገበሬው ብቻውን እንዳይሆንም ነው። ድጎማው ገንዘብ ነው፤ ያለዚህ ክትትል ግን ገንዘቡ በአንድ ወቅት ባክኖ ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ።

ውጤቱ በቫይረሱ ላይም ታየ። በቃሪያ ላይ የነበረው የአጠውላጊው ቫይረስ ጉዳት በግልጽ ቀነሰ። ቫይረሱ አልጠፋም፤ ዛሬም አለ፤ ጂኑን የሚያልፈውም አለ። ግን እጩ ካላደገ የሚያዞረው ይቀንሳል።

ሁሉም አልጋ በአልጋ አልሆነም። ድሮ ርጭቱ ሳይታወቅ የሚገድላቸው ሌሎች ተባዮች ብቅ አሉ። የተክል ጭማቂ የሚመጥጠው ጥቃቅን ተባይ፣ ክሽክሽ፣ ዋናው ሆነ። ነጭ ዱቄት የመሰለ ሽፋን ያላቸው ተባዮችና አረንጓዴው ገማች ትኋን ተጨመሩ። ክሽክሹ ሰውነት ውስጥ እንቁላላቸውን የሚጥሉ ጥቃቅን ተርቦች ተለቀቁ። በግሪን ሃውሱ ዙሪያ ደግሞ አገር በቀል ቁጥቋጦዎች በመስመር ተተከሉ፤ አዳኞቹ ከውጭ እንዲጠለሉበት። ይህ ሐሳብ እኔን በጣም ይማርከኛል። መጀመሪያ በዙሪያው ያለ አረንጓዴ ነገር ሁሉ ይጠረግ ነበር፤ አሁን የትኛው ተክል ጠላት፣ የትኛው ወዳጅ እንደሚያሳድግ ተለይቶ ይተከላል።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት ደግሞ አዲስ እንግዳ መጥቷል። ትሪፕስ ፓርቪስፒነስ የሚባል፣ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የተነሳ ሌላ ትሪፕስ ነው። በ2021 በህንድ የአንድራ ፕራዴሽና የቴላንጋና በርበሬ ላይ ከባድ ጉዳት አድርሷል። አልሜሪያም ገብቶ ቃሪያውን እያጠቃ ነው። አበባውን ብቻ ሳይሆን ለጋ ቅጠሉንና ቡቃያውን ያቃጥላል። ኦሪየስና ስዊርስኪ እንደ ቀድሞው ትሪፕስ አልቻሉትም። ገበሬዎቹ ሌሎች አዳኝ ማይቶችን እየጨመሩ፣ የሚለቀቀውን መጠን እያሳደጉ ነው። አንዳንዱ ወደ ርጭት እንዳይመለስ የሚፈራበት ሰሞን ነው።

ወደ እኛ በርበሬ ሲመጣ

ከዚህ ጉዳይ ተነስቶ «ኦሪየስ እናስመጣ» የሚል ሰው አይጠፋም። ቆም እንበል። በኢትዮጵያ በርበሬ ላይ በ1990ዎቹ የተደረጉ የቫይረስ ጥናቶች በብዛት ያገኙት ትሪፕስ የሚያስተላልፈውን ቫይረስ አይደለም። በክሽክሽ የሚዛመቱትን ነው፤ የድንች ቫይረስ ዋይ የሚባለውንና በአገራችን ስም የተሰየመውን የኢትዮጵያ በርበሬ ቫይረስ። እነዚህ ቅጠሉን ያዥጎረጉራሉ፣ ያጨማድዳሉ፣ ፍሬውን ያሳንሳሉ።

ክሽክሽ ከትሪፕስ በጣም ይለያል። ቫይረሱን የሚወስደው አዋቂ ሆኖም ነው፤ የሚወስደውም የሚሰጠውም በሰከንዶች ውስጥ ነው። ቫይረሱ ሰውነቱ ውስጥ አይራባም፤ አፉ ጫፍ ላይ ተጣብቆ ነው የሚጓዘው። በርበሬ ላይ ሳይቀመጥ ቀምሶ የሚያልፍ ክሽክሽ እንኳ ያስተላልፋል። ስለዚህ በእጩ ላይ የቆመው የስፔን ዘዴ እዚህ ያን ያህል አይሠራም። መርጨትም አይሠራም፤ ክሽክሹ ከመሞቱ በፊት ቀምሷል። እንዲያውም መድኃኒቱ አቅበጥብጦት ከተክል ተክል ቢያዘልለው ይብሳል።

ለዚህ ዓይነቱ ቫይረስ ሌላ መንገድ አለ። ክሽክሹ አፉ ላይ የያዘውን ቫይረስ በሌላ ተክል ላይ ከቀመሰ ይለቀዋል። በቆሎ ወይም ማሽላ በማሳው ዙሪያ ጥቅጥቅ አድርጎ አስቀድሞ መዝራት በዚህ ምክንያት ይረዳል፤ ከውጭ የሚመጣው ክሽክሽ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። የችግኝ መደቡን በጠባብ መረብ መሸፈንም ይጠቅማል። በችግኝነቱ የተያዘ በርበሬ ምንም ያህል ምርት አይሰጥም፤ ካበበ በኋላ የተያዘ ግን የተወሰነ ምርት ይሰጣል። አዲስ መደብ ካለፈው ዓመት የበርበሬ ማሳ አጠገብ አለማዘጋጀት፣ የተጨማደደ ችግኝ ሲዛወር እዚያው መጣል፣ ማሳ ላይ የመጀመሪያዎቹን የታመሙ ተክሎች ቶሎ መንቀል ዋጋቸው ብዙ ያልሆነ ነገሮች ናቸው።

ግሪን ሃውስ ያላቸው ደግሞ ከስፔን በቀጥታ መውሰድ ይችላሉ። በዝዋይ አካባቢ ያሉ የጽጌረዳ እርሻዎች ቀይ ሸረሪትን በአዳኝ ማይት መቆጣጠር ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ ነፍሳት ገዝቶ መልቀቅ፣ ቆጥሮ መከታተል የሚችል ባለሙያ አገር ውስጥ አለ። በላስቲክ ቤት ፈረንጅ ቃሪያ የሚያመርቱ ሰዎች ቅጠል ላይ ቀለበት፣ አበባ ውስጥ ደግሞ ቀጫጭን ቢጫ ተባዮች ካዩ መጀመሪያ ናሙናውን አቅራቢያቸው ወዳለ የእፅዋት ጥበቃ ላብራቶሪ ይውሰዱ። የትኛው ቫይረስ፣ በየትኛው ተባይ እንደመጣ ሳይታወቅ መርጫውን መሙላት አይገባም።